ካፋ ደን ለብቻ፦ ደኑንም ባለቤቶቹንም ሳይጎዱ ለመጓዝ

ወደ ካፋ ደን ብቻውን የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት፣ የሚገባው ሰው አልባ ዱር ውስጥ አለመሆኑን ነው። በዛፎቹ ጥላ ሥር ያለው ቡና ባለቤት አለው። ከዛፍ ጫፍ የተሰቀለው ቀፎ፣ ጅረት ዳር የበቀለው ኮረሪማ፣ ጥምዙም ጭምር የማን እንደሆነ መንደሩ ያውቀዋል፤ አጥር ስለሌለው ብቻ ለእንግዳ አይታየውም። ቆሻሻ አለመጣል የጉዳዩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ምግብዎ በምን እሳት እንደሚበስል፣ ገንዘብዎ የማን እጅ እንደሚደርስ፣ በጫማዎና በቢላዎ ምን ይዘው እንደሚገቡ ማሰብ ነው።

የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ከያዮ ጋር በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ነው። ስፋቱ ወደ 760,000 ሄክታር ይጠጋል፤ ነገር ግን ሁሉም ደን አይደለም፣ እርሻም ከተማም ረግረግም አለበት። በሦስት ቀጠና ይከፈላል፦ እንዳለ እንዲቆይ የተተወው ዋናው ቀጠና፣ በዙሪያው ማኅበረሰቡ ቡና፣ ማርና ቅመም የሚያገኝበት መጠበቂያ ቀጠና፣ ከዚያም መንደርና እርሻ ያለበት የልማት ቀጠና። አስጎብኚዎን "አሁን ያለነው የትኛው ውስጥ ነው?" ብለው ይጠይቁ። ዋናው ቀጠና ውስጥ ድንኳን አይትከሉ፤ ማደር ካስፈለገ መንደር ወርደው ይደሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የካፋ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ቦንጋ እያደረ ቀን ቀን ቢወጣ ይሻለዋል። የባርታ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ ከከተማው ደርሰው የሚመለሱባቸው ናቸው። ማንኪራ፣ የቡና መነሻ ነው እየተባለ የሚነገርለት ደን፣ ዴቻ ወረዳ ነው ያለው፤ ማለዳ መነሳት ይጠይቃል። ቦጊንዳ ከዚያ የበለጠ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ የአዲዮ ቀርከሃ ደንም እንዲሁ። እነዚህን ሁለቱን ለሁለተኛ ጉዞ ማቆየት ይመረጣል። ቦንጋ ያለውን የቡና ሙዚየም ግን ደን ከመግባትዎ በፊት ይዩት፤ በኋላ ዱር ውስጥ የሚያዩትን ነገር ለመለየት ይረዳል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ደቡብ ምዕራብ እንደ ሰሜኑ ክረምትና በጋ በግልጽ አይለይበትም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ለእግረኛ የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ያኔም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላል። ኅዳር ላይ የሚሄድ የቡና ለቀማውን መጨረሻ ያገኛል። ያ ጥሩም መጥፎም ነው፦ ደኑ ውስጥ ሰው ስለሚበዛ መንገድ መጥፋት አይኖርም፣ ግን ሁሉም ሥራ ላይ ስለሆነ ነጻ የሆነ አስጎብኚ ማግኘት ያስቸግራል።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ። ማለዳ በሚነሳ አውቶቡስ ጅማ ገብተው ይደሩ፤ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ቢወጡ ቦንጋ ከምሳ በፊት ይገባሉ። በጨለማ አይጓዙ። የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ሳምንት ቦንጋ ወይም ጅማ ለሚኖር ሰው ደውለው ያጣሩ፤ ከወር በፊት የሰሙት አያገለግልም። ለአንድ ሰው ብሎ ላንድክሩዘር መከራየት፣ እዚያ ደርሰው የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ሁሉ ገና በመንገድ ላይ ያጠፋዋል። ሰው የሞላው አውቶቡስ ለአንድ ሰው የሚያቃጥለው ነዳጅ እጅግ ያነሰ ነው፤ አሰልቺነቱን ግን አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብቻን መጓዝ ማለት ያለ አስጎብኚ መግባት ማለት አይደለም። በካፋ ደን ያለ አካባቢው ሰው መግባት አይመከርም፤ ምክንያቱም አራዊት ብቻ አይደለም። አብዛኛው የእግር መንገድ የቡና ለቃሚ፣ የማር ቆራጭ ወይም የከብት መንገድ ነው፤ ወደ አንድ ቀፎ ወይም ወደ አንድ የቡና ይዞታ ይወስድዎና ድንገት ያልቃል። ቅጠሉ ሰማዩን ስለሚሸፍን የስልክ ጂፒኤስ ቦታዎን አሳስቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ኔትወርክ ደግሞ ከቦንጋ ራቅ ሲሉ ይቆራረጣል። ደመና ሲወርድ ሸለቆና ሸንተረር አይለይም። በዚህ ላይ ማታ ማታ ገበሬዎች በቆሏቸውን ከዱር አሳማ ይጠብቃሉ፤ በጨለማ ማሳ መሃል የሚንቀሳቀስ እንግዳ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ አደጋ ላይ ነው።

አስጎብኚ ከመንገድ ላይ አይያዙ። ቦንጋ ውስጥ ወደ ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ይጠይቁ፤ የሚመደብልዎ ሰው ሊሄዱበት ካሰቡት ቀበሌ የሆነ እንዲሆን ይለምኑ። የከተማ ልጅ መንገዱን ሊያውቅ ይችላል፤ የቀበሌው ሰው ግን የማን ቡና መሃል እየሄዱ እንደሆነ ያውቃል፣ ባለቤቱንም በስሙ ጠርቶ ሰላም ይላል። ልዩነቱ እዚያ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አምስት ነገር በወረቀት ላይ ይስፈር፦ የቀኑ ብዛት፣ የቀን ክፍያው፣ ምግቡን ማን እንደሚችል፣ የት እንደሚታደር፣ ዝናብ ጉዞውን ካቋረጠው ስንቱ እንደሚከፈል። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በአምስተኛው ነው፤ ዝናቡ ሰውየውን ሥራ ፈት አድርጎታል፣ እርስዎ ደግሞ ምንም አላዩም። የግማሽ ቀን ክፍያ ለሁለቱም ያስማማል።

ገንዘብ በአንድ እጅ አይስጡ። ለአስጎብኚው የሱን፣ ላሳደረዎ ቤት ለባለቤቶቹ ራሳቸው፣ የመግቢያ ክፍያ ካለ በደረሰኝ። ምግብ የሠራችው እማወራ ከሆነች ለእርሷ ይስጡ እንጂ "ለእሷ አድርሱልኝ" አይበሉ። ቴሌብር ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም፤ ስለዚህ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ኖቶች ጅማ ላይ ዘርዝረው ይያዙ። መንደር ውስጥ የ200 ብር መልስ ማግኘት ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የቀበሌውን አስተዳደር ሳያሳውቁ አይደሩ፤ መታወቂያዎን ወይም ፓስፖርትዎን ከነፎቶ ኮፒው ይያዙ። ሴት ብቻዋን የምትጓዝ ከሆነች ድንኳን ከመትከል ይልቅ ቤተሰብ ያለበት ቤት ማደር ይሻላታል፤ ይህንንም ቀደም ብላ ለጽሕፈት ቤቱ ብትነግር ቦታ ያመቻቻሉ።

እሳት። ጎብኚ በዚህ ደን ላይ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ከፌስታል ሳይሆን ከማገዶ ነው። አካባቢው የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው፤ እርስዎ ለብቻዎ ልዩ ምግብ ባዘዙ፣ ገላ መታጠቢያ ሙቅ ውሃ በጠየቁ ቁጥር አንድ ተጨማሪ እሳት ይነዳል። ስለዚህ ምግብ ቤት ሲገቡ ለሁሉም የተሠራውን ይብሉ፤ ገላዎን በቀዝቃዛ ውሃ ወይም ፀሐይ ላይ በሞቀ ጀሪካን ይታጠቡ። ደን ውስጥ እሳት ጨርሶ አያንድዱ። "የወደቀ እንጨት ነው" የሚለው ክርክር ውሃ አይቋጥርም፦ የወደቀው ግንድ የመንደሩ ሴቶች ማገዶ ነው፣ ያልተለቀመውም በስብሶ አፈሩን ይመግባል። ደግሞም እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት አልነድ ሲል ሰው ፌስታል ማቀጣጠያ ያደርጋል፤ ያኔ ጭሱም አመዱም መርዝ ይሆናል።

መፍትሔው የማይበስል ስንቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የእኛ ስንቅ የሚወዳደረው የለም። ለአንድ ቀን በሶ 200 ግራም፣ ቆሎ 150 ግራም፣ ጭኮ 100 ግራም ይበቃል፤ ማታ አንድ ጊዜ ከመንደር ትኩስ ምግብ ይጨመርበታል። ጎደሬ፣ ቆጮ ከጎመን ጋር፣ የበቆሎ ቂጣ በማር ያገኛሉ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ስለሆነ በብዙ ቤት የፍስክ ምግብ አይጠብቁ፤ ጭኮዎንም በቅቤ ፈንታ በዘይት ያሹት፣ አስተናጋጆችዎ አብረው እንዲቀምሱ። ስንቁን የሚያበላሸው እርጥበቱ ነው። ቆሎ በሁለት ቀን ይለሰልሳል፣ ድርቆሽ ከሦስት ቀን በኋላ ሊሻግት ይችላል። ቆሎውን እንደገና አምሰው፣ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም የላስቲክ ዕቃ ያሽጉት፤ በሙቀቱ ካሸጉት የራሱ እንፋሎት ያረጥበዋል። ድርቆሽ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ይሁን።

ያለ ትኩስ ነገር አልውልም የሚል የአልኮል ምድጃ ይያዝ። ጋዝ ሲሊንደር አውቶቡስ ላይ መጫን አደጋም ክልክልም ነው። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ግን ውሃ ስለበዛበት ደካማ እሳት ይሰጣል፤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። ከንፋስ ከተከለለ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ግማሽ ሊትር ውሃ ያፈላል። ዋናው አደጋ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አለመታየቱ ነው፤ የጠፋ መስሎት ጠርሙሱን ይዞ የሚሞላ ሰው እጁ ላይ ይፈነዳል። እጅዎን ከላይ አራርቀው ሙቀቱን ይፈትሹ፣ ዕቃው ሲቀዘቅዝ ብቻ ይሙሉ።

ውሃ በየሸለቆው አለ፤ ንጹሕ መምሰሉ ግን አያታልልዎ። ላይኛው መንደር ከብት ያጠጣበታል። አፍዎን አድርገው ከጅረት ወይም ከኩሬ አይጠጡ፤ አልቅት ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ይጣበቃል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ያፍሉ ወይም በክሎሪን ያክሙ። ማፍላት ከሆነ ፍጹም ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ፤ ከፍታው ሲጨምር ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ክሎሪን ከሆነ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የደፈረሰ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ ያጥሉት፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ይበላዋል። ልብ ይበሉ፦ ለቤት የሚሸጡት ፈሳሾች የሚለኩት ለ20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ለአንድ ሰው ጠርሙስ በግምት መጨመር ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። ለአንድ ሊትር የተዘጋጁ እንክብሎችን ከአዲስ አበባ ይያዙ። ሁለት ባለ አንድ ሊትር የብረት ጠርሙስ ከያዙ አንዱ ሲታከም ከሌላው ይጠጣሉ፤ የታሸገ ውሃ መግዛት አያስፈልግዎትም። ሳሙና "ተፈጥሯዊ" ቢባልም ወንዝ ውስጥ አይግባ፤ ውሃ ቀድተው ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀው ይታጠቡ። መጸዳጃ ከሌለም በዚያው ርቀት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን ይመልሱበት።

ብዙ ሰው የማያስበው ጫማና ቢላ ነው። የቡና አጠውልግ በሽታ በአፈርና በቆሰለ ግንድ በኩል ይተላለፋል፤ ገጀራ የነካው ቡና ለዚህ ይጋለጣል። ስለዚህ መንገድ ለማጥራት ብለው አይጨፍጭፉ፣ ሐሞክም (የሚንጠለጠል መኝታ) ከቡና ግንድ ላይ አያሥሩ። እንሰትም የራሱ አጠውልግ አለው፣ እርሱ ደግሞ በተበከለ ቢላ ከተክል ወደ ተክል ይሄዳል፤ ዝናብ ሲመጣ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ መጠለል ያምራል፣ ግን የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ምግብ ሊያሳጣ ይችላል። የጫማዎን ሶል ከአንድ የቡና እርሻ ወደ ደን ሲሻገሩ በብሩሽ ጭቃውን አራግፈው በአልኮል ይርጩት፤ ለዚህ ግን መድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 በመቶው ይሻላል፣ የምድጃው ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። የዱር ቡና ፍሬ ወይም ችግኝ "ለማስታወሻ" ይዞ መውጣት ደግሞ ከብልግና አልፎ ሕግ መጣስ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድ ይከለክላል። ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶች በተለይ ይህን ይንገሯቸው። ማስታወሻ ከፈለጉ ገበያ ላይ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር አለ፤ ከአምራቹ ቢገዙ ደግሞ ያው ደኑን የሚጠብቀው ሰው ነው የሚጠቀመው።

ከቀፎ ሥር አያርፉ፣ ሽቶ አይቀቡ፣ ጥቁር ልብስ አይልበሱ። ንብ ከተነሳ ፊትዎን ሸፍነው በፍጥነት ይራቁ፤ እጅ ማወናጨፍ ይባስ ያመጣል።

እንስሳ ለማየት ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሱ። ጉሬዛ ጠዋት የዛፍ ጫፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ያኔ ነው በደንብ የሚታየው። ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፣ ምንም አያብሉ፤ ከሰው መብላት የለመደ ጦጣ ነገ የገበሬውን ማሳ ይዘርፋል፣ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እርስዎ አይደሉም። የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ መጥራት ወፉን ከጎጆው ያርቀዋል። ትኩስ የጎሽ እበት ወይም የተንከባለለበት ጭቃ ካዩ አስጎብኚው ባይነግርዎም ይመለሱ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አዲስ መንገድ አይጀምሩ፤ ጫካ ውስጥ ከውጭው ቀድሞ ይጨልማል።

ስለ ልብስ ባጭሩ፦ ጂንስ አይሆንም፣ ከረጠበ አይደርቅም። ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ በካልሲ ውስጥ ገብቶ፣ ከላዩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ጫማ። ቦቲውን ቦንጋ ወይም ጅማ በርካሽ ያገኛሉ፤ የአገሩ ሰው የሚያደርገው ያንኑ ነው፣ ከውድ የተራራ ጫማ ይልቅም ለዚያ ጭቃ ይሻላል። ካልሲ ውስጥ የገባ ሱሪ መዥገርን፣ ሳማንና ጉንዳንን በአንድ ላይ ይከላከላል። የጉንዳን ሰልፍ ካዩ ሳይረግጡ ተሻግረው ይለፉ፣ ፈጽሞ አይቁሙበት። ቦርሳ ውስጥ ያለው ሁሉ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት ይታሸግ፤ የቦርሳ ሽፋን ብቻ ውሃን አይመልስም፣ በጀርባ በኩል ይገባል። ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ። ጠቅላላ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ካለፈ የሆነ ነገር ተርፏል።

ቆሻሻውን ይዘው ይመለሱ ሲባል እስከ ቦንጋ ማለት አይደለም። ከተማው ላይ የጣሉት ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ይቃጠላል ወይም ጎርፍ ወስዶ ወደ ጅረት ይመልሰዋል። የላስቲክ ጠርሙስ አዲስ አበባ ለቆራሌው ዋጋ አለው፤ ባትሪና መድኃኒት ደግሞ ወደ ገዙበት ቦታ ይመለስ። ከቤትዎ ሲነሱ ማሸጊያውን ሁሉ አውልቀው ከሄዱ የሚመለሰው አንድ እፍኝ አይሞላም።

ከመነሳትዎ በፊት ቤት ላለ አንድ ሰው የቀበሌዎቹን ስም፣ የአስጎብኚውን ስልክና የሚደውሉበትን ቀንና ሰዓት ጽፈው ይስጡ። "እስከዚያ ካልደወልኩ ለአስጎብኚው፣ እሱ ካላነሳ ለጽሕፈት ቤቱ ደውል" ብለው ቅደም ተከተሉን ይንገሩት፤ አለዚያ ኔትወርክ ባጡ በመጀመሪያው ማታ ቤተሰብ ይታወካል።

ጤናን በተመለከተ ወባ ቀዳሚው ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ሁሉ ያሰጋል፤ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሻገሩት የጎጀብ ሸለቆ ደግሞ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድ ከመሄድዎ ጥቂት ሳምንታት በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ አጎበር የራስዎን ይያዙ። በቀን የሚነክሰውን ጥቁር ዝንብም አይናቁ። የሚራባው ፈጥኖ በሚወርድ ወንዝ ነው፣ ካፋም ዝንቡ የሚያስተላልፈው ኦንኮሰርካ፣ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው በሽታ፣ ለረጅም ዘመን የቆየበት አካባቢ ነው። ለጥቂት ቀን የሚሄድ ሰው የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ፏፏቴ ዳር እጅጌ ረጅም ይልበሱ። ዲት ያለበት የነፍሳት መከላከያ ቅባት ከ20 እስከ 30 በመቶው ይበቃል፤ ተቀብተው ግን ወንዝ አይግቡ፣ በውሃ ውስጥ ያሉ ነፍሳትን ይጎዳል። እባብ ከነደፈ አይብጡ፣ አጥብቀው አይሠሩ፣ አይምጠጡ፤ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ ወደ ቦንጋ ሆስፒታል። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዘዎ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርጉ። አንዱ የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል፣ ጉዞው ያኔ የቆየ ቢመስልዎትም ካፋ እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።